ስለ አስተናጋጅ ከተማ ኃላፊነት

የግዛት ቡድኖች የሚገናኙበትን ብሔራዊ የባድሚንተን ሻምፒዮና ስለ ማዘጋጀት በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ስለ ብሔራዊ ውድድሮች ዝግጅት ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ትቶልኛል። እኔም ከስፖርቶች ሁሉ ባድሚንተንን፣ ከአገሮችም ሕንድን መርጫለሁ። እንደ እግር ኳስና እንደ ሩጫ ብዙ ተመልካች የሌለውን ጨዋታ፣ ያውም የሌላውን አገር ልምድ ይዤ ስለ ቀረብሁ ምክንያቴን አስቀድሜ ላስረዳ።

አንደኛው ምክንያት የአገሩ አወቃቀር ነው። ሕንድ 28 ግዛቶችና በማዕከላዊው መንግሥት የሚተዳደሩ 8 አካባቢዎች ያሏት አገር ናት። እነዚህም እያንዳንዳቸው በስማቸው ቡድን አቋቁመው በብሔራዊ ሻምፒዮና መገናኘት ከጀመሩ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። የአስተናጋጅነቱም ተራ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘዋወራል። በአገራችንም ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ቡድን አሰልፈው የሚገናኙባቸው ውድድሮች ስላሉ፣ እነርሱ በብዙ ድካም የተማሩት ለእኛም ይጠቅመናል። ሁለተኛው ምክንያት የጨዋታው ጠባይ ነው። በባድሚንተን የአዳራሹ አየር፣ ብርሃንና ወለል ራሳቸው ከተጫዋቾቹ ጋር ወደ ሜዳ ይገባሉ። ስለዚህ የአስተናጋጅን ሥራ መልካምነትና ጉድለት ከዚህ ይበልጥ ገልጦ የሚያሳይ ስፖርት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። አስተናጋጅ ከተማ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ነው፤ የቤቱ ባለቤትም ነው፣ ተወዳዳሪም ነው። በሩን የሚከፍተው፣ መብራቱን የሚሰቅለው፣ ሜዳውን የሚያነጥፈው እርሱ ሲሆን፣ በዚያው ሜዳ ላይ ደግሞ ልጆቹን ያሰልፋል። እንግዲህ ሻምፒዮናው እውነተኛ ሻምፒዮና የሚሆነው፣ የቤቱ ባለቤት ቤቱን ለማንም የማያደላ አድርጎ ሲያዘጋጅ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ሰልፉም፣ ባንዲራውም፣ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓትም ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ ከታሪኩ ጥቂት ልጥቀስ። ባድሚንተን ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ግሎስተርሺር ውስጥ ከሚገኘው የቦፎርት መስፍን መኖሪያ ቤት ነው። ሥርዓተ ጨዋታው ግን በመጀመሪያ የተጠናቀረው እ.ኤ.አ. በ1873 በሕንድ በፑና ከተማ እንደ ሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን ጨዋታውን ራሱን ፑና ብለው የሚጠሩት ነበሩ። ነፋስና ዝናብ ባለበት ቦታ ላባ የተሰካበት ኳስ አልታዘዝ ሲላቸው፣ የደቡብ ሕንድ ሰዎች ከሱፍ በተጠቀለለ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ይህም ዛሬ ራሱን የቻለ ሌላ ጨዋታ ሆኗል። ከዚህ ጥንታዊ ነገር የምንማረው ቁም ነገር አለ። ለባድሚንተን ተጫዋች ነፋስ ከጅምሩ ባላጋራ ነበረ፤ ጨዋታው በጣሪያ ሥር እንዲገባ ያስገደደውም እርሱ ነው።

የሕንድ ባድሚንተን ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የግዛት ቡድኖች ውድድር ለወንዶች የራሂምቱላ ዋንጫ፣ ለሴቶች የቻዳ ዋንጫ የሚባሉ ሽልማቶች አሉት። አገሩ ሰፊ በመሆኑ ቡድኖቹ አስቀድመው በየቀጣናቸው ይጋጠሙና የበረቱት ወደ መጨረሻው ዙር ያልፋሉ። ከግዛቶቹም ሌላ እንደ ባቡር ሐዲድና እንደ ነዳጅ ዘይት ያሉ ታላላቅ ድርጅቶች የራሳቸውን ቡድን ያሰልፋሉ። ስለሆነም አስተናጋጁ ከተማ የሚቀበለው የተለያየ ቋንቋ የሚናገር፣ የተለያየ ምግብ የሚመገብ፣ አቅሙም እኩል ያልሆነ ሕዝብ ነው። አንዱ ቡድን ከነአሠልጣኙና ከነሐኪሙ በአውሮፕላን ሲመጣ፣ ሌላው በባቡር ሌሊቱን ተጉዞ ይደርሳል። ከካንያኩማሪ እስከ ዲብሩጋር የሚሄደው ባቡር ብቻውን ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያቋርጣል፤ መንገዱም ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃል። የእንግዳ ተቀባይነት መመዘኛ መሆን ያለበት ይህ በባቡር የመጣው ቡድን ነው። በአውሮፕላን የመጣው የጎደለውን ሁሉ በገንዘቡ ይሞላል፤ በባቡር የመጣው ግን ከአስተናጋጁ በቀር ተስፋ የለውም።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ሻትል ብለን የምንጠራው ኳስ በቡሽ ላይ የተተከሉ 16 ላባዎች ያሉት ሲሆን ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ ነው። ይህን ያህል የቀለለ ነገር ከተከፈተ በር የሚገባ ነፋስ፣ ከጣሪያ የሚወርድ የማቀዝቀዣ አየር፣ ከቶ ሊሰማን የማይችል ሽውታ እንኳ ከመንገዱ ያስወጣዋል። በዚያ አዳራሽ ዓመቱን ሙሉ የተለማመደ ተጫዋች በየትኛው ወገን ሲቆም ሻትሉ ከመስመር እንደሚያልፍበት፣ በየትኛው ወገን ደግሞ እንደሚያጥርበት ያውቃል። እንግዳው ይህን የሚማረው ነጥብ እየከፈለ ነው። ሕጉን ያፈረሰ ማንም ሳይኖር፣ ፍርዱ ግን ተዛብቷል ማለት ነው።

የዚህ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። የአየር መሣሪያዎቹ አሠራር በዋናው ዳኛ ፊት አንድ ጊዜ ይወሰናል፤ ከዚያ በኋላ የአስተናጋጁ ወገን ማንም ሰው አይነካውም። በሮቹ ድርብ መጋረጃ ይደረግላቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዶቹ ቡድኖች ከውድድሩ በፊት በእኩል ሰዓት፣ መሣሪያዎቹ በውድድሩ ጊዜ እንደሚሠሩ ሆነው እየሠሩ፣ በዚያው ሜዳ ላይ እንዲለማመዱ ይደረጋል። የልምምድ ሰዓት ሲደለደል የአስተናጋጁ ቡድን መጨረሻ ይወስዳል። ይህ ትሕትና ሳይሆን ፍትሕ ነው።

ስለ ብርሃኑም እንዲሁ ነው። ሻትሉ ነጭ በመሆኑ ከሜዳው ጀርባ ያለው ግድግዳ የጠቆረ ቀለም ሊኖረው ይገባል፤ መስኮት ካለ ይሸፈናል። መብራቶቹ በሜዳው ግራና ቀኝ እንጂ በተጫዋቹ አናት ላይ መሰቀል የለባቸውም፤ ወደ ላይ አንጋጦ የሚመታ ሰው ዓይኑ ይታወራልና። የሜዳው ርዝመት 13.40 ሜትር፣ ለጥንድ ጨዋታ ስፋቱ 6.10 ሜትር፣ መረቡም በመካከሉ 1.524 ሜትር ከፍታ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከሜዳው በላይ ያለው ባዶ ቦታ ነው። በከፍተኛ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ከወለሉ እስከ ጣሪያው 12 ሜትር ነፃ ከፍታ ይፈለጋል። ስለዚህ አንድ ከተማ የአስተናጋጅነት ጥያቄ ከማቅረቡ በፊት ሜትሩን ይዞ አዳራሹን ይለካ። ከተፈቀደለት በኋላ መለካት ምክንያት ለመፈለግ ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ከዚህ ቀጥሎ የሻትሉ ፍጥነት አለ። አንድ ዓይነት ሻትል በሁሉም ቦታ እኩል አይበርም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ባንጋሎር አየሩ ስስ ስለሆነ ሻትሉ ይርቃል፤ በብራህማፑትራ ወንዝ ዳር፣ በዝቅተኛ ቦታ ላይ ባለችው ጉዋሃቲ ግን የአየሩ ክብደት ይይዘዋል። ሙቀትና ብርድም የየራሳቸውን ለውጥ ያመጣሉ። ለእኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ለምንኖረው ለአዲስ አበባ ሰዎች ይህ እጅግ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። ለቆላ የተሠራውን ሻትል ያለ ምርመራ አምጥተን ብንጫወትበት፣ ጥሩ አድርጎ የመታው ሁሉ ከመስመር ውጭ ሲሆንበት ይውላል።

የመመርመሪያው ዘዴ በሕጉ የተጻፈ ነው። ተጫዋቹ በኋላው መስመር ላይ ቆሞ ሻትሉን ከታች ወደ ላይ በሙሉ ምት ይሰደዋል። ትክክለኛ ፍጥነት ያለው ሻትል ከተቃራኒው የኋላ መስመር ከ53 ሴንቲ ሜትር ባላነሰና ከ99 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ወደ ውስጥ ይወድቃል። ይህ ምርመራ በውድድሩ ዋዜማ፣ በዋናው ዳኛ ፊት፣ ከእንግዶቹ በተመረጡ ተጫዋቾች እጅ መደረግ አለበት። አስተናጋጁ በገዛ ተጫዋቹ እጅ መርምሮ የራሱን ልማድ የሚስማማ ሻትል ከመረጠ፣ ዋንጫውን ከመክፈቻው ሥነ ሥርዓት በፊት ወደ ቤቱ አግብቶታል ማለት ነው።

ስለ ጊዜ ሰሌዳ ለምሳሌ ያህል ትንሽ ሒሳብ እናድርግ። 16 ቡድኖች በአራት ምድብ ተከፍለው በየምድባቸው ሁሉም ከሁሉም ቢገናኙ 24 ግጥሚያዎች ይሆናሉ። ከየምድቡ ሁለት ሁለቱ አልፈው እስከ ፍጻሜ ሲጫወቱ 7 ይጨመራሉ፤ በድምሩ 31። እያንዳንዱ የቡድን ግጥሚያ እስከ አምስት ጨዋታ ቢደርስ 155 ጨዋታ ነው። አምስት ሜዳ ቢኖረን ለእያንዳንዱ ሜዳ 31 ጨዋታ ይደርሰዋል፤ ለአንዱ ጨዋታ 45 ደቂቃ ብንመድብ ከ23 ሰዓት በላይ ነው። እንግዲህ በቀን ስምንት ሰዓት ብንሠራ ሦስት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል ማለት ነው። በሁለት ቀን ለመጨረስ የሚነሣ አዘጋጅ፣ አንዱን ቡድን በእኩለ ሌሊት አጫውቶ ማለዳ እንደገና ሊጠራው ነው። ያ ቡድን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተከራካሪ የሌለው ይሆናል። ለአንድ ጨዋታ ስድስት ሻትል ብቻ ብንይዝ 930 ሻትል፣ ማለትም ዐሥራ ሁለት በሚይዘው ማሸጊያ 78 ያህል እናዘጋጃለን። ይህም ሁሉ ተቆጥሮና ተቆልፎ በዋናው ዳኛ ኃላፊነት ሥር መቀመጥ አለበት።

ዕጣ የሚወጣው የቡድን መሪዎች በተሰበሰቡበት በገሃድ ነው። የሁለቱን ቡድኖች ጨዋታ የሚመራ ዳኛ ከሁለቱም ግዛት ያልመጣ እንዲሆን ይደረጋል። በተለይ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ሰርቪስ ሲመታ ሻትሉ ከወለሉ ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት የሚለው ሕግ ስለ ወጣ፣ የሰርቪስ ዳኛው ዓይን ጨዋታን ሊገለብጥ ይችላል። የመስመር ዳኞቹን ግን ከሩቅ ማምጣት አይቻልም፤ እነዚህ የአስተናጋጁ ከተማ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ሥራቸውን ለሳምንታት ሊማሩ፣ ከሁሉም በፊት በገዛ ከተማቸው ቡድን ላይ እጃቸውን ዘርግተው «ውጭ ነው» ለማለት ልባቸው ሊዘጋጅ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ይህ ሥራ በአንድ ጸሐፊ ጫንቃ ላይ ከወደቀ ያደክመዋል፤ ለብዙ ወጣቶች ከተከፋፈለ ግን ለከተማው ትምህርት ቤት ይሆናል።

ስለ ማረፊያና ስለ ምግብ ብዙ አልናገርም፤ ስለ መስተንግዶ ለኢትዮጵያዊ ማስተማር ድፍረት ይሆንብኛል። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። ሕንዶች ሥጋ የሚበላውንና ፈጽሞ የማይቀምሰውን እንግዳ በአንድ አዳራሽ ሲመግቡ ማብሰያውንና ማቅረቢያውን ይለያያሉ። ጾምና ፍስክ ለይተን ድግስ ለምንደግስ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን በድግስ የምናውቀውን ጥንቃቄ በስፖርት ካምፕ ስንረሳው ይታያል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ደረቅ መመሪያ እንዳይመስል፣ አንድ ከተማ ያለፈችበትን ነገር ልተርክ። በእ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2019 የሕንድ ብሔራዊ ሻምፒዮና በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በአሳም ግዛት፣ በጉዋሃቲ ይካሄድ ነበር። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳይ ያገኘችው ሳይና ኔህዋል ለጨዋታ ወደ ሜዳ ወጣች፤ ወለሉን ተመለከተች፤ ያልተስተካከለ ሆኖ ስላገኘችውም በዚያ ላይ አልጫወትም አለች። የኦል ኢንግላንድ ውድድር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበርና እግሯን ለአደጋ ማጋለጥ አልፈለገችም። ጨዋታዎች ወደ ሌላ ሰዓት ተላለፉ፤ ወሬው በአገሩ ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። በኋላ ሳይና ተጫውታ በፍጻሜው ፑሳርላ ሲንዱን አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች።

ይህን ታሪክ የማነሣው ከተማይቱን ለመንቀፍ አይደለም። የወለል ጣውላ በየትኛውም አገር ይነቃነቃል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሳይና ኔህዋል «አልጫወትም» ለማለት የሚያስችል ስም ነበራት፤ ስትናገርም ውድድሩ ቆሞ ሰማት። በዚያው ወለል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ግዛቷን ወክላ የቆመች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብትሆንስ? እርሷ እምቢ ብትል በጨዋታው መዝገብ ላይ የሚጻፈው መሸነፍዋ ነው። ስለዚህ ዝም ብላ ትጫወታለች፤ ጉልበቷ ቢሰበር ደግሞ ማንም አይጽፍላትም። የአዳራሽ ጉድለት በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ ድምፅ በሌለው ላይ ይከብዳል። የአስተናጋጅ ሥራ እንግዲህ ለእነዚህ ድምፅ ለሌላቸው አስቀድሞ መናገር ነው።

ጉዋሃቲ ግን በዚያ አልቀረችም። የአገሩ ባድሚንተን ማኅበር ብሔራዊ የማሠልጠኛ ማዕከሉን በዚያች ከተማ አቋቋመ፤ በዲሴምበር 2023 ብሔራዊው ሻምፒዮና እንደገና ወደ ጉዋሃቲ ተመለሰ። በሴቶች ነጠላ ፍጻሜ የተገናኙት ሁለት ታዳጊዎች ነበሩ፤ የ16 ዓመቷ አንሞል ካርብና ገና 15 ዓመት የሞላት ታንቪ ሻርማ። አንሞል አሸነፈች። ከሁለት ወር በኋላ በፌብሩዋሪ 2024 የሕንድ ሴቶች ቡድን በማሌዢያ ሻ አላም ለእስያ የቡድን ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲደርስ፣ ከታይላንድ ጋር ሁለት ለሁለት እኩል ሆኖ የመጨረሻው ጨዋታ የወደቀው በዚህችው ልጅ ላይ ነበር። በዓለም ደረጃ ስሟ ገና ያልታወቀው አንሞል ተጋጣሚዋን ረታች፤ ሕንድም በዚያ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነች። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ጉዋሃቲ የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮናን አስተናገደች፤ ታንቪ ሻርማም በዚያችው ከተማ የብር ሜዳይ አገኘች።

የብሔራዊ ሻምፒዮና ጥቅሙ ይህ ነው። ስም ያላት ከስም የለሽዋ ጋር በአንድ ወለል፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ሻትል የምትገናኝበት ቦታ ሌላ የለም። ቤቱ ካደላ ግን እውነተኛው ችሎታ ሳይታይ ይቀራል፤ አገሩም ማን እንዳለው ሳያውቅ ይኖራል።

አዳራሽ የለንም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኦል ኢንግላንድን ያሸነፈው ፕራካሽ ፓዱኮኔ በልጅነቱ የተለማመደው በባንጋሎር በሠርግ አዳራሽ ውስጥ እንደ ነበረ ያስታውስ። ሠርግ ያለ ቀን ጨዋታ አልነበረም። ይህ ሰው ከ1971 እስከ 1979 ለዘጠኝ ተከታታይ ዓመታት የአገሩ ሻምፒዮን ሆኗል። ችግሩ የአዳራሹ ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ ያለውንም ለሁሉ እኩል አድርጎ አለማዘጋጀት ነው።

በመጨረሻም ለጉባኤው ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ማንኛውም ብሔራዊ ውድድር የሚካሄድበት አዳራሽ ከውድድሩ አንድ ወር በፊት፣ ከአስተናጋጁ ክልል ባልሆኑ የማኅበራችን አባላት እንዲመረመር፤ ወለሉ፣ ብርሃኑና አየሩ ተለክተው ውጤቱ ለሁሉም ቡድኖች በጽሑፍ እንዲላክ። ሁለተኛ፣ የማንኛውም ቡድን መሪ ስለ ሜዳው ጉድለት ሲያመለክት፣ ቡድኑ በመዘግየት ሳይቀጣ አቤቱታው ከጨዋታው በፊት እንዲታይ፤ ታዋቂው ተጫዋች ያለው መብት ለጀማሪዋም እንዲሰጥ። ሦስተኛ፣ ለውድድሩ የተገዛው ምንጣፍ፣ መረብና መብራት ከመዝጊያው በኋላ ተጠቅልሎ መጋዘን እንዳይገባ፣ በዚያው ከተማ ላሉ ትምህርት ቤቶች በደረሰኝ እንዲከፋፈል፤ የሠለጠኑት የመስመር ዳኞችም ስማቸው ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ዓመት አስተናጋጅ እንዲተላለፍ።

ዋንጫውን አሸናፊው ይዞት ይሄዳል፤ ለአስተናጋጁ የሚቀርለት እንግዶቹ በመንገድ ላይ ስለ እርሱ የሚናገሩት ነው። «ተሸነፍን፤ ቤቱ ግን አላሸነፈንም» ብለው ከሄዱ ከተማው ሥራውን ፈጽሟል። ሐሳቦቼ በጉባኤው ተመርምረው ለውሳኔ እንዲቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።